ባለቀለሙን ያስወጡበት እሑድ

ልጄ ጋኔን የለባትም። ይህን መጀመሪያ ላይ የማስቀምጠው፣ እስከ መጨረሻው ታግሦ የማያነብ ሰው ቢኖር እንኳ ይህችን ብቻ ይዞ እንዲሄድ ነው። ኖሮባትም አያውቅም። ያለባት ነገር ቢኖር እርሳስ ማባከን፣ የበላችበትን ሳህን አለማንሳትና ስትጠራ «መጣሁ» ብላ አለመምጣት ነው። በእነዚህ ከፈለጋችሁ እኔው ራሴ እከሳታለሁ። በጋኔን ግን አይሆንም።

የምንኖረው ሰበታ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ሲሆን የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ እዚህ አደረሰኝ። ሥራዬ ግን አሁንም ከተማ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ስለቅም እውልና ማታ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ከደቡብ የመጣ ነው፤ ግንባታ ላይ ብረት ያስራል። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ስንጋባ ሁለቱም ወገን አልቅሶብናል። እኛ ግን ተላምደን ኖረናል። በጾም ሥጋ ሲያምረው ውጭ በልቶ ይመጣል፤ እሑድ እሑድ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ታች፣ እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ ላይ እንሄዳለን። ልጃችን ደግሞ አንዱን እሑድ ከእኔ ጋር፣ ሌላውን ከእሱ ጋር ትሄዳለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ተኝታ ታሳልፋለች።

ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ማንጋ ታነባለች። ለማያውቅ ሰው፣ ማንጋ ጃፓኖች በሥዕል የሚተርኩበት መጽሐፍ ነው። የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ የእኛ መጽሐፍ የሚያልቅበት ላይ የእነሱ ይጀምራል። እሷ የምትወደው፣ ተራ ተማሪዎች አንድ ቀን ድንገት ኃይል እንዳላቸው ደርሰውበት ከመናፍስት ጋር የሚዋጉበትን ዓይነት ነው። ከቴሌግራም እያወረደች በስልክ ታነባለች። አንድ ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጬ ልሞክረው አልኩና ገጹ ሁሉ ጩኸትና መብረቅ ሆኖብኝ ተውኩት። አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ክፉው መንፈስ ተሸንፎ ሲወድቅ አንዷ ልጅ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ምን ሆኖ እንደዚህ እንደከፋ ትጠይቀዋለች። ይሄ ደስ አለኝ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች የማያደርጉት ነገር ነው።

ከዚያ የራሷን መሥራት ጀመረች። የእሷ ጀግና ዓለም ገና ከተማ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ መናፍስትን ማየት የምትጀምር ተማሪ ናት። መናፍስቱም የሰፈራችን ናቸው። አንዱ ግንባታው ቆሞ የቀረ ፎቅ ውስጥ ይኖራል። አንዱ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚመለሱ ሴቶች ደረት ላይ የሚቀመጥ ዱካክ ነው። የሁሉም አለቃ ደግሞ ባለቀለሙ ይባላል፤ መኖሪያው ወንዛችን ውስጥ ነው። ሰበታ ኖሮ ያንን ወንዝ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ፋብሪካው በለቀቀው ልክ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ሽታውን አልናገርም። ባለቀለሙ ድሮ ንጹሕ ውኃ የነበረ፣ ሰው የረሳውና የተቆጣ መንፈስ ነው። ሥዕሉን ሳየው አሳዘነኝ፤ አራሚ ነኝና ሁለት የፊደል ግድፈትም አገኘሁበት።

መጽሐፉ ሲያልቅ እንዲጠረዝላት ማተሚያ ቤት ወስጄ ለጓደኛዬ ለጠራዡ ሰጠሁት። በግራ በኩል ሊሰፋው ሲል በቀኝ ነው አልኩት። ዐረብኛ ነው እንዴ ብሎ ገልጦ አየና በአማርኛ መሆኑን ሲያውቅ ሳቀብኝ፤ ግን እንዳልኩት አድርጎ ሰፋው። ልጄ ስትቀበለኝ አቅፋው ተኛች። ትምህርት ቤት ኮፒው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቀጣዩ መቼ ነው እያሉ በር ድረስ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። እኔም ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖራለች። በጎ ሴት ናት። ማለዳ ተነስታ ለሁላችንም ስም እየጠራች ትጸልያለች፤ ለእኔም ጭምር፣ በተለይ ለእኔ። አንድ ቀን ልጄ ያንን መጽሐፍ ከኋላ ገልጣ ወደፊት ስታነብ ታያታለች። ጠጋ ብላ ሥዕሉን ስታይ ደግሞ ቀንድና ጥርስ። በልጅነቷ በአገሯ ስለነበረ አንድ ጠንቋይ የሰማችው ነገር ሁሉ ተመልሶ መጣባት። እሱም መጽሐፉን ከኋላ ነበር አሉ የሚያነበው።

እግዚአብሔር ሲያመጣው ያን ሳምንት ታላቅ እህቴ ከቡራዩ ልትጠይቀን መጣች። እህቴ አጥባቂ ናት፤ አማቴ ባረከችው ማዕድ ላይ እንኳ እጇን አትዘረጋም። ሁለቱ በትዳሬ ዘመን ሁሉ በአንድ ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። በጾሙ አይስማሙም፣ በታቦቱ አይስማሙም፣ ልጄ በምን ስም ትጠራ በሚለው እንኳ አልተስማሙም። ያን ቀን ግን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መጽሐፉን በሁለት ጣት እንደ ሞተ አይጥ ይዘው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አገኘኋቸው። እህቴ ድግምት የሚደገመው እንዲህ ከኋላ ነው አለች። አማቴ ልክ ነሽ አለች። አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅኩት እርቅ በልጄ ራስ ላይ ወረደ።

ጎረቤታችን ያሉት የሙስሊም ልጆች ቁርኣን የሚቀሩት ከቀኝ ወደ ግራ አይደለም ወይ፣ እነሱም ጠንቋይ ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እህቴ መልሱን ቀድማ አዘጋጅታው ነበር። ዐረብኛማ ተፈጥሮው ነው፤ አማርኛን ከኋላ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው አለችኝ። እኔ ፊደል እያየሁ የምበላ ሴት በፊደል ተረታሁ። ከዚያ የቀራቸው ክርክር መድኃኒቱ ላይ ብቻ ነበር። እህቴ ሱሉልታ በኩል ያለ ጸበል እንውሰዳት ስትል፣ አማቴ የለም፣ የጸሎት ቡድን ይምጣላት አለች። ልጅቷን የጠየቃት የለም።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄ አልጋዬ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ፀጉሯ በዘይት ርሷል፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። አማቴ እኔም ባለቤቴም በሌለንበት ቡድኑን ጠርታ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትገባ ሳሎን ውስጥ ከበው አስቀመጧት፤ አንዷ ጆሮዋ ላይ ትጮኻለች፤ አንዱ ግንባሯን ይገፋል። መንፈስ ሲወጣ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ስሙን መናገር አለበት፤ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደገባ መናዘዝ አለበት። ሳይናገር አይወጣም፣ እነሱም አይለቁም።

«እማ፣ የራሴን ስም ስነግራቸው እሱን አይደለም የጠየቅንህ ይሉኛል» አለችኝ።

ጉልበቷ ሲዝል፣ ውኃ ሲጠማት፣ የምታውቀውን አንድ ስም ሰጠቻቸው፤ ባለቀለሙ አለቻቸው። የት ነው የምትኖረው ሲሏት ወንዙ ውስጥ አለች። ማን አመጣህ ሲሏት ከፋብሪካው በትቦ ነው የመጣሁት አለች። ቤቱ በሃሌ ሉያ ተናወጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የዚህኛው ግን ከአፋፍም አልፎ ሄደ፤ አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ሳይመሽ የወጣቶች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ቀጣዩ መቼ ነው ሲሉ የነበሩት ልጆች ዴስካቸውን ከእሷ ዴስክ አራቁ።

ደሜ ፈላ። አማቴን በዚያች ማታ ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈውም እንደ አራሚ ራሴ እሰርዘዋለሁ። እሷም አለቀሰች። ለልጄ ብዬ ነው አለች፤ እውነቷን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ክፉ ሰው ቢሆን አንጀት እስኪርስ መስደብ ይቻላል። ባለቤቴ መሀላችን ቆሞ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ ምናልባት ጸሎቱ ሰላም ይሰጣት እንደሆነ እያለ ያጉረመርም ነበር። ያምናል ብዬ አላስብም። ይፈራል ግን። ከአገሩ ሲመጣ ሥራ ያስያዘው፣ ሲታመም ያስታመመው፣ አባቱ ሲሞት ድንኳን የጣለለት እሑድ እሑድ የሚሄድበት ያ የጸሎት አዳራሽ ነው። ከእነሱ ሌላ ሰበታ ላይ ማንም የለውም።

ቅዳሜ ደግሞ ጉዱን ስሙ። የጸሎት ቡድኑ ዘይት ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። መንፈሱ አድራሻውን ተናዟላ። እኔ ከዳገቱ ላይ ቆሜ አየሁ። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ውኃውን ገሠጹት። ያን ቀን አረንጓዴ ነበር። ከእነሱ በላይ፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ቦታ ላይ፣ የፋብሪካው ትቦ ያንኑ አረንጓዴ ነገር ቡልቅ ቡልቅ እያደረገ ወንዙ ውስጥ ይለቃል። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም። ልጄ በራሷ አፍ በትቦ መጣ ብላቸዋለች። ከተናገረችው ውስጥ ጥርት ያለው እውነት እሱ ብቻ ነበር፣ የጣሉት እሱን ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል የአገሬ ሰው። የፋብሪካው ዘበኛ ዱላ አለው፤ ውኃ ግን ቢገሥጹት አይመታም።

ይህ ሳያንስ አከራያችን አስጠሩኝ። ኦቦ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። ድሮ ይህ ሁሉ ሰፈር እርሻቸው የነበረ፣ አሁን ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ሠርተው የሚያከራዩ ሽማግሌ ናቸው። አካም ጅርታ አሉኝ፤ ናጋ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት አልኩ። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታክሲው ጠየቁኝ። ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ እየጫሩ ወደ ጉዳዩ ገቡ። እሳቸው ሰው አያባርሩም። ነገር ግን ያ ነገር ከወንዙ ከተባረረ የት ሊያድር ነው? የሚያውቀው ቤት የእናንተን ነው፤ ምራቴ ደግሞ እርጉዝ ናት አሉኝ። ሌላ ቤት ብትፈልጉ ሳይሻል አይቀርም ማለታቸው ነው። አንቱ ብዬ የማከብራቸው ሰው ናቸውና ምራትዎን ማርያም ትቅረባት ብዬ ወጣሁ። አንዲት ልጅ በእርሳስ በሣለችው ነገር ቤት ልንለቅ ነው።

በመጨረሻ የአዳራሹ ፓስተር ራሱ መጣ። ወጣት ነው፤ ሱፉን ለብሶ፣ እህቴ እያለ፣ በጣም በትሕትና ነው የሚያወራው። ነገሩ ቀላል ነው አለኝ። እሑድ ልጅቷ መድረክ ላይ ወጥታ ትመስክር። በዚህ በማንጋ በሚባለው ነገር መንፈስ እንደገባባትና በጸሎት ነፃ እንደወጣች ለወጣቶቹ ትንገር፤ መጽሐፉንም በሕዝብ ፊት ትቅደደው። ያኔ ትምህርት ቤቱም ያርፋል፣ አከራዩም ያርፋሉ፣ ወሬውም ይቆማል። መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ አልኩት። መርዝን ለማወቅ መቅመስ አያስፈልግም አለኝ። እኔ በሥራዬ ያላነበብኩትን ነገር አላርምም፣ አንተ ያላነበብከውን ታስቀድዳለህ ብዬ ጀመርኩ፤ አጀማመሬ መልካም ነበር፣ ገና ብዙ የምለው ነገር ነበረኝ። ልጄ ከጓዳ ወጣችና እሺ፣ እመሰክራለሁ አለች።

ከሄደ በኋላ በእሷም ተናደድኩ። ያልሆንሽውን ነኝ ልትይ ነው ወይ፤ የዕድሜ ልክ ስም ነው የሚሰጡሽ፤ ነገ ብትታመሚ ያ ነው፣ ብትቆጪ ያ ነው፣ ባል ብታገቢ ያ ነው አልኳት። መጽሐፉን የጠረዝኩልሽ ለዚህ ነው ወይ ማለቴንም አስታውሳለሁ። እሷ ግን ጫማዋን እያወለቀች፣ «ማዘር፣ ይለቁኝ በቃ። ደክሞኛል» ብላኝ ገባች።

እሑድ እኔም ሄድኩ። በትዳሬ ዘመን ሁሉ ያንን አዳራሽ ረግጬው አላውቅም ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶታል፤ የድምፅ ማጉያው ደረቴ ውስጥ ይመታል። ነጠላዬን እንደለበስኩ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ሰው ዞር እያለ ያየኛል፤ ወንበር ያመጡልኝም ነበሩ፣ እምቢ አልኩ። ባለቤቴ አስተናጋጅ ነው፤ ባጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከፊት ወንበር ያደላድላል። አየኝና አንገቱን ደፋ።

ልጄን ጠሯት። የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳ፣ መጽሐፉን በብብቷ ይዛ ወጣች። ማይኩን ሰጧት። ፓስተሩ ለሕዝቡ ሁሉ ያደረገልሽን ተናገሪ አላት። ሕዝቡም እያጨበጨበ አበረታታት። የተስማማችውን ልትል ነው ብዬ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ።

«ባለቀለሙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ በእርሳስ» አለች። «ያን ቀን ስሙን የነገርኳችሁ እንድትለቁኝ ብዬ ነው። ምንም የለብኝም።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ፓስተሩ ግን ማይኩን ቀስ አድርጎ ከእጇ ወሰደና፣ ለእሷ ሳይሆን ለሕዝቡ፣ በሚያዝን ፈገግታ፣ አያችሁ፣ ሊወጣ ሲል እንዲህ ነው ራሱን የሚደብቀው አለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ዛሬም ድረስ ስጽፈው እጄ የሚቆጣው። በየትኛው አፏ ትናገር? አለብኝ ስትል መንፈሱ ነው የተናገረው፤ የለብኝም ስትልም መንፈሱ ነው የተናገረው። አለባት ያሉት ቀን ቃሏን አጥብቀው አመኑ፤ የለብኝም ያለችበት ቀን ያው አፍ፣ ያው ቃል ሐሰተኛ ሆነ። ነፍሰ ገዳይ እንኳ ፍርድ ቤት ቆሞ አልገደልኩም ሲል ይጻፍለታል። ልጄ ግን በዚያ መድረክ ላይ ለራሷ የምትናገርበት አንድ ቃል እንኳ አልተዉላትም። ወደፊት ልሮጥ ስል ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘው፣ እህታችን ታገሺ፣ የመጨረሻው ነው፣ ሊለቃት ነው አሉኝ። ጮኽኩ፤ በዚያ ድምፅ ማጉያ መሀል የሰማኝ የለም።

ፓስተሩ አስተናጋጆች ያዟት አለ። ከመድረኩ ሥር የቆመው አባቷ ነበር። ሕዝቡም አባቷ መሆኑን ያውቃል። ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ወዲያው አልወጣም። ፓስተሩ ወንድሜ፣ በእምነት ብሎ ስሙን ጠራው። ያ ብረት የሚያስር ሰውዬ፣ ያ ሰፊ ትከሻ፣ ደረጃዋን አንድ በአንድ ወጥቶ ከኋላዋ ቆመና ሁለት ክንዶቿን ያዘ። ባሌን ያን ቀን እንደጠላሁት ሰው ጠልቼ አላውቅም። ልጄ አንገቷን ዘወር አድርጋ አየችው። ረዘም አድርጋ ነው ያየችው።

ከዚያ ወደቀች። ፓስተሩ ገና ውጣ እንኳ ሳይላት፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደሚወድቁት ሴቶች ወደ ኋላ፣ አባቷ ደረት ላይ ወደቀች። አዳራሹ ፈነዳ። አማቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ታለቅሳለች። ፓስተሩ መጽሐፉን ከወለሉ አነሳና በሰፋነው በኩል ቀደደው፤ ይህን እንኳ ልጄ አላየችም።

ሴቶቹ ሲለቁኝ መድረኩ ላይ ወጥቼ ብድግ አደረግኳትና በሰው መሀል ይዣት ወጣሁ። እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል በየወንበሩ። መንገድ ላይ ስንደርስ ቁጣዬ ሁሉ በእሷ ላይ ተገለበጠ። እንደዚያ የመሰለ ነገር ተናግረሽ፣ ድል አድርገሽ፣ ለምን ወደቅሽላቸው ብዬ አስፋልቱ ዳር ጮኽኩባት። ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። እሷ ሹራቧ ላይ የፈሰሰውን ዘይት በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

«አባዬ ሲይዘኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እማ። ካልወደቅኩ አይለቁትም» አለችኝ።